ጀልባ ነጂ በነዳጅ ኩባንያ ላይ አድማ ቢመታ
በጋምቤላ ከተማ ለሕዝብ የቀረበ ትምህርታዊ ንግግር



ባሮ ላይ ለመዝናናት ብሎ ጀልባ የሚያወጣ ሰው ብዙ አይደለም። ሐዋሳ ብንሄድ በሞተር ጀልባ ሐይቁን መዞር፣ ባሕር ዳር ደግሞ ገዳማቱን መሳለም የታወቀ ነገር ነው፤ አርባ ምንጭም የጫሞን አዞዎች ለማየት እንግዳው ሁሉ ጀልባ ይከራያል። እኛ ዘንድ ጀልባ ከሁሉ በፊት መንገድ ነው፤ ቀጥሎ ዓሣ ማጥመጃ ነው፤ ክረምት ሲገባና ወደ ጂካዎ፣ ወደ ዋንትዋና ወደ አኮቦ የሚወስደው መንገድ ሲቆረጥ ደግሞ አምቡላንስ ነው። ሆኖም በበዓልና በዕረፍት ቀን ሞተር አስነስተው ወደ ኢታንግ አቅጣጫ ወረድ የሚሉ፣ ከሩቅ ለመጣ እንግዳ ወንዙን የሚያሳዩ ወጣቶች አሉን። የዛሬው ጥያቄ የእነሱ ነው።

ጥያቄያቸው እንዲህ ነው። «ቶታል ኢነርጂስ በኡጋንዳ በኩል የናይልን ውኃ ሥጋት ላይ ጥሏል። እኛ የውኃ ሰዎች ነን። ከዚህ ኩባንያ ማደያ አንቀዳም ብለን አድማ ብንመታ ተገቢ አይሆንም ወይ?»

ጥያቄው ሊናቅ የሚገባው አይደለም። ኩባንያው በአልበርት ሐይቅ ዳርቻ ቲሌንጋ በሚባለው ፕሮጀክት ከ400 የሚበልጡ የነዳጅ ጉድጓዶች ለመቆፈር ሥራ ጀምሯል፤ ከፊሎቹ የሚገኙት በመርቺሰን ፏፏቴ ብሔራዊ ፓርክ ክልል ውስጥ ነው። ድፍድፍ ነዳጁ እስከ ታንዛኒያዋ ታንጋ ወደብ የሚሄድበት ቧንቧ 1,443 ኪሎ ሜትር ርዝመት አለው። ድፍድፉ እንደ ሰም የሚረጋ ስለሆነ ቧንቧው መንገዱን ሙሉ መሞቅ ይኖርበታል። በቧንቧው ኩባንያ ውስጥ ትልቁን ድርሻ፣ 62 በመቶውን፣ የያዘው ቶታል ኢነርጂስ ነው። በመርቺሰን ፏፏቴ የሚወርደው ውኃ በአልበርት ሐይቅ በኩል አልፎ፣ የደቡብ ሱዳንን ረግረግ አቋርጦ ነጭ አባይ ይሆናል። የእኛ ባሮም ከፒቦር ጋር ተገናኝቶ ሶባት ይባልና ማላካል ከመድረሱ ጥቂት ቀደም ብሎ ከዚያው ነጭ አባይ ጋር ይቀላቀላል። ስለዚህ ልጆቻችን «የሩቅ ሰው ጉዳይ ነው» አለማለታቸው ትክክል ነው። የሁለቱ ወንዞች ውኃ አንድ ላይ ነው ካርቱም የሚደርሰው።

እኔ ከእነሱ የምለየው በመንገዱ ላይ ነው። ሐሳቤን ከፊት አስቀምጬ ምክንያቴን ልዘርዝር፦ በጋምቤላ አንድን የነዳጅ ኩባንያ ነጥሎ መተው የታሰበለትን ሰው አይነካውም። የሚነካው ራሱን ጀልባ ነጂውንና ከእሱ የባሰ ችግር ያለበትን ጎረቤቱን ነው።

ቤንዚኑ እስከ ጀሪካናችን የሚመጣበትን መንገድ እንከተል። ኢትዮጵያ የምታነደውን ቤንዚንና ናፍጣ በሙሉ ከውጭ ትገዛለች። በ1950ዎቹ መጨረሻ በአሰብ የተከፈተው ማጣሪያ ሥራ ካቆመ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል። በራሳችን መሬትም ቢሆን፣ የማሌዢያው ፔትሮናስ በዚሁ በጋምቤላ ጂካዎ አካባቢ ቆፍሮ ለገበያ የሚበቃ ነገር ሳያገኝ ነው የሄደው። ግዢውን ለመላው አገሪቱ የሚፈጽመው አንድ የመንግሥት ተቋም ነው፤ የኢትዮጵያ ነዳጅ አቅራቢ ድርጅት። ድርጅቱ ከኩዌት መንግሥታዊ ኩባንያና በጨረታ ከሚያሸንፉ ዓለም አቀፍ ነጋዴዎች ይገዛል። መርከቡ ጅቡቲ ሲደርስ ነዳጁ ወደ ማጠራቀሚያ ይገለበጣል። ቦቴዎች ከዚያው ማጠራቀሚያ ይቀዳሉ። አንዱ ቦቴ የቶታል ኢነርጂስን፣ አንዱ የኖክን፣ ሌላው የኦላ ኢነርጂን ወይም የተባበሩትን ምልክት ይለጠፍበት እንጂ የገዛው አንድ ነው፤ የወረደበትም ቦታ አንድ ነው።

የስም መለዋወጡም ቢሆን ያለፈውን ታሪክ ለሚያስታውስ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። በልጅነታችን ሼል ሲባሉ የነበሩ ማደያዎች ኦይል ሊቢያ ተባሉ፤ ኦይል ሊቢያ ደግሞ ኦላ ኢነርጂ ሆነ። የሞቢል የነበሩት የቶታል ሆኑ። ቀለሙ ተቀባ፣ ሰሌዳው ተነሣ፣ ከመሬት በታች ያለው ታንክ ግን በቦታው ነው።

ዋጋውንም ኩባንያው አይወስነውም። የንግድና ቀጠናዊ ትስስር ሚኒስቴር በየጊዜው ያወጣል፤ ከዋናው መሥመር በራቅን ቁጥር የማጓጓዣው ይታከላል። ከጅቡቲ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ በጅማ፣ በበደሌና በመቱ አድርጎ ጋምቤላ እስኪገባ ቦቴው ከ1,600 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል፤ በአገሪቱ ውስጥ ሩቅ ከሚባሉት ማራገፊያዎች አንዱ የእኛ ነው። ለአከፋፋዩ ኩባንያና ለማደያው ባለቤት የሚደርሰው ትርፍም በመንግሥት የተቆረጠ ነው። በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የድጎማው አሠራር ሲለወጥ በአዲስ አበባ የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ ከ36 ብር ከ87 ሳንቲም ወደ 47 ብር ከ83 ሳንቲም ወጣ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 100 ብርን አለፈ። ይህን ሁሉ ያሳለፍነው በየትኛውም ማደያ ብንቀዳ በአንድ ዋጋ ነው።

እንግዲህ ከዚህ ሰንሰለት ውስጥ የአንዱን ኩባንያ ማደያ ስንተው ማንን ነው የምንጎዳው? አንድ ባለ 40 ፈረስ ጉልበት የጀልባ ሞተር ሙሉ ጋዝ ሲሰጠው በሰዓት 15 ሊትር ገደማ ይጠጣል። ሦስት ሰዓት ሽርሽር ብንሄድ 45 ሊትር ነው። አንድ ተጎታች ያለው ቦቴ 40 ሺህ ሊትርና ከዚያ በላይ ይጭናል። የአንድ ቅዳሜ መዝናኛችን ከአንድ ቦቴ ከሺህ አንድ እጅ ገደማ ነው ማለት ነው። ሃያ ጀልባ ቢያብርም ለፓሪሱ ዋና መሥሪያ ቤት የሚሰማ ድምፅ አይወጣውም። ይህ ግን ዋናው ምክንያቴ አይደለም፤ ትንሽ የሆነ ሁሉ ከንቱ ነው ማለት አይቻልምና።

ዋናው ምክንያቴ ሰልፉ ነው። ማደያ በር ላይ ባጃጅ፣ ሞተር ሳይክል፣ ሚኒባስና ጀሪካን ከንጋት ጀምሮ ተሰልፎ በሚውልበት ከተማ፣ አንድ ገዢ ተቆጥቶ ቢሄድ ሻጩ የሚያጣው ነገር የለም። ከኋላው ያለው ሰው አንድ እርምጃ ይጠጋል፤ ቤንዚኑ በዚያው ቀን ያልቃል። ያለመግዛት አድማ ጉልበት የሚኖረው ሻጭ ገዢን በሚለማመጥበት ገበያ ነው። ገዢ ሻጭን በሚለማመጥበት ገበያ አድማኛው ለሌላው ወረፋ ከመልቀቅ በቀር የሠራው ሥራ የለም። ይህን ሳንረዳ ስለ አድማ ብንነጋገር የሌላ አገር ልብስ ለብሰን እንደ መሄድ ነው።

ሌላው አገር ምን እንደሆነ እንይ። እ.ኤ.አ. በ1995 ሼል በሰሜን ባሕር የነበረውን ብሬንት ስፓር የተባለ አሮጌ የነዳጅ ማጠራቀሚያ አትላንቲክ ውስጥ ሊያሰጥም ሲነሣ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅቱ ግሪንፒስ ተቃወመ። የጀርመን አሽከርካሪዎች የሼልን ማደያዎች ትተው ወደ ሌሎቹ ሄዱ፤ የማደያዎቹ ሽያጭ በግልጽ ወረደ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 20 ቀን ሼል ሐሳቡን ለወጠ። በዓለም ላይ ከተሳኩ የነዳጅ አድማዎች ሁሉ በይበልጥ የሚጠቀሰው ይህ ነው። የተሳካበት ምክንያት ግልጽ ነው። የተጠየቀው አንድ ነገር ነበር፤ «አታስጥሙት»። ያንን ለመወሰን ሥልጣን ያለው ራሱ ሼል ነበር። አሽከርካሪው ደግሞ መንገዱን ተሻግሮ በእኩል ዋጋ ሌላ ማደያ ያገኛል፤ ሰልፍ የለም። ግሪንፒስ በማጠራቀሚያው ውስጥ ቀርቷል ያለው የዘይት መጠን ስሕተት መሆኑ ታውቆ ከጥቂት ወራት በኋላ ይቅርታ መጠየቁም መዘንጋት የለበትም፤ አድማ የሚጠራ ሰው ቁጥሩን አጣርቶ መናገር አለበት።

ለጀልባ ሰዎች የሚቀርበው ሁለተኛው ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 20 ቀን 2010 ዲፕዋተር ሆራይዘን የተባለው መቆፈሪያ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ፈነዳ። 11 ሠራተኞች ሞቱ፤ ዘይቱ ለ87 ቀናት ከባሕሩ ሥር ፈሰሰ። የአሜሪካ መንግሥት ከሚያስተዳድረው የባሕረ ሰላጤው ክፍል ከሦስት አንድ እጅ የሚበልጠው ለዓሣ አጥማጅ ተዘጋ። ለሥራም ለመዝናናትም ጀልባ የነበራቸው ሰዎች መልሕቅ ጥለው ቁጭ አሉ። ቁጣው ጉድጓዱን ያስቆፍር በነበረው ኩባንያ፣ በቢፒ፣ ሰሌዳ ሥር ባሉ ማደያዎች ላይ ወረደ። ነገር ግን ኩባንያው ማደያዎቹን አብዛኛውን ቀድሞ ለግል ባለቤቶች ሸጧቸው ነበር፤ ሰሌዳውን ነበር ያከራየው። ስለዚህ አድማው ያገኘው ሚስቱንና ልጁን ይዞ ማደያ የሚጠብቀውን የመንደር ነጋዴ ነው። ቢፒን ያስከፈለው ፍርድ ቤትና መንግሥት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የተደረሰበት ስምምነት ከ20 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር።

ሦስተኛው ከአህጉራችን ነው፤ እኔም ደጋግሜ የማስብበት እሱን ነው። ሞሮኮ እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ የነዳጅ ዋጋን ለገበያው ለቀቀች። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 20 ቀን 2018 ሕዝቡ ኑሮ ከበደኝ ብሎ ሦስት ነገሮችን መግዛት አቆመ፦ የሲዲ አሊን የታሸገ ውኃ፣ የሳንትራል ዳኖንን ወተትና የአፍሪቂያን ነዳጅ። አፍሪቂያ የቢሊየነሩና በወቅቱ ሚኒስትር የነበሩት የአዚዝ አኻኑሽ ነው። ወተቱ ላይ አድማው ሠራ። የዳኖን ሽያጭ ክፉኛ ወደቀ፣ የኩባንያው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ከፈረንሳይ ድረስ መጥቶ ሕዝቡን አነጋገረ፣ ዋጋም ተቀነሰ። ወተት ዛሬ ካልተሸጠ ነገ ይበላሻል፤ ሻጩ ይቸኩላል። ነዳጅ ግን በታንክ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። አኻኑሽም እ.ኤ.አ. በ2021 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። የነዳጁ ነገር የተነካው በሌላ በር ነው። የአገሪቱ የውድድር ምክር ቤት ጉዳዩን ሲመረምር ከርሞ እ.ኤ.አ. በ2023 ዘጠኝ የነዳጅ ኩባንያዎችን በጠቅላላው 1.84 ቢሊዮን ዲርሃም አስከፈለ። አንዱን ሳይነጥል ሁሉንም ነው የያዘው፤ ምክንያቱም ጥፋቱ የአንድ ሰሌዳ ጥፋት አልነበረም።

የኡጋንዳውን ቧንቧ የሚቃወሙት ሰዎችም ይህን ያወቁ ይመስለኛል። ዋና ትግላቸውን ያደረጉት ማደያ በር ላይ አይደለም። ባንኮችንና የመድን ኩባንያዎችን አንድ በአንድ እየዞሩ «ለዚህ ሥራ ገንዘብ አታበድሩ፣ ዋስትና አትስጡ» ብለው ጠየቁ፤ ብዙ ትላልቅ ባንኮችም «አንገባበትም» አሉ። ሥራው ባይቆምም ብድሩ ለዓመታት ተጓተተ። የባሮ ወጣት በዚህ ጉዳይ ድምፁን ማሰማት ከፈለገ በዚያ በኩል ቢጮህ ይሰማል። ሁለቱ ወንዞች የት እንደሚገናኙ በካርታ አሳይቶ የሚጽፋት አንዲት ደብዳቤ፣ ከቶታል ሳይቀዳ ካሳለፈው አንድ ዓመት የበለጠ ክብደት አላት።

በእኛም አገር በነዳጅ ምክንያት የተመታ ትልቅ አድማ አለ። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ። በዓለም ገበያ የተነሣው የነዳጅ ዋጋ አገር ውስጥ ገብቶ ቤንዚን በግማሽ ያህል ጨምሮ ነበር፤ የታክሲው ታሪፍ ግን በነበረበት ቆሞ ነበር። በዚያው ሰሞን መምህራን በትምህርቱ ማሻሻያ ላይ ተነሡ፤ ወታደሩም ከጥር ጀምሮ ተነቃንቆ ነበር። ታክሲ ነጂዎቹ «ከሼል አንቀዳም፣ ከአጂፕ እንቀዳለን» አላሉም። ዋጋውን ያወጣው ማን እንደሆነ ያውቁ ነበርና ለእሱ ነው የተናገሩት። ከጥቂት ቀናት በኋላ መንግሥት የነዳጁን ዋጋ በከፊል ለመቀነስ ተገደደ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ የዛሬ ርዕሳችን አይደለም። ለእኛ የሚጠቅመን አንድ ነገር ነው፦ ሰዎቹ አንድ ላይ ሆነው፣ የሚፈልጉትን በስሙ ጠርተው፣ ሊሰጣቸው የሚችለውን አካል ጠየቁ።

አሁን ወደ ጀሪካኑ ልምጣ፤ የጀልባ ሰው ነገር የሚለየው እዚህ ላይ ነውና።

መኪና ወደ ማደያ ይነዳል። ባጃጅም ይነዳል። ጀልባ ግን ከባሮ ወጥቶ ማደያ በር ላይ አይሰለፍም። ጀልባ ነጂው ሁልጊዜ ጀሪካን ተሸክሞ ነው የሚመጣው። የነዳጅ ሕጋችን ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚጠረጥረው ጀሪካንን ነው፤ ጥቁር ገበያው በጀሪካን ስለሚሠራ መጠርጠሩም አግባብ ነው። በ2017 ዓ.ም. የወጣው የነዳጅ ውጤቶች ግብይት አዋጅ ከማደያ ውጭ የሚሸጠውን ሰው ቅጣት ከፍ አድርጎታል። በ2014 ዓ.ም. የመጣው የታለመ ድጎማም ለሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች ነበር፤ ሰሌዳ ቁጥር ያለው ሚኒባስና ባጃጅ ተመዘገበ። ሃያ ሰው ጭኖ ወንዝ የሚያሻግር ጀልባ ሰሌዳ የለውም። ቀጂው ጀሪካን ይዞ የመጣውን ሰው «የድጋፍ ደብዳቤ አምጣ» ይለዋል። ደብዳቤው ካልተገኘ የቀረው መንገድ በመንገድ ዳር በሃይላንድና በጀሪካን የሚሸጠው ነው፤ ዋጋውም ከማደያው እጥፍ የሚያልፍበት ጊዜ ብዙ ነው።

«ከዚህ ኩባንያ አንቀዳም» ያለው ወጣትም የሚሄደው ወደዚያው ነው። በከተማችን ያሉት ማደያዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ በአንድ ቀን ሁሉም ቤንዚን የሚኖራቸው ጊዜ ጥቂት ነው። አንዱን ከዘለለ ሌላው ደርቋል። ከመንገድ ዳር የገዛው ቤንዚን ከየትኛው ማደያ እንደወጣ ግን ሊያውቅ አይችልም። ምናልባት ያን ዕለት ጠዋት ከዚያው ከተወው ማደያ የተቀዳ ይሆናል። እጥፍ ዋጋ ከፍሎ፣ ያንኑ የጠላውን ኩባንያ ነዳጅ ገዝቶ፣ በመካከል የሚያተርፈውን ሰው አበልጽጎ ይመለሳል። አንዳንዶች «ውጤት ባይኖረውም ለኅሊናዬ እተወዋለሁ» ይላሉ። ኅሊናን አከብራለሁ፤ ሰው ባመነበት ነገር ሲታቀብ ደስ ይለኛል። ነገር ግን በዚህ ነገር ኅሊናውም ንጹሕ ሆኖ አይወጣም።

የሞተሩም ጉዳይ አለ። መንገድ ዳር ሻጩ ሁሉ አታላይ ነው አልልም፤ ብዙዎቹ ሥራ አጥተው የተቀመጡ ልጆች ናቸው። ይሁን እንጂ ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት፣ ሌሊት ጤዛና ዝናብ የገባበት ቤንዚን መኖሩን ጀልባ የሚነዳ ሁሉ ያውቃል። የጀልባችን ሞተር አብዛኛው ዘይት ከቤንዚን ጋር ተበጥብጦ የሚሰጠው ዓይነት ነው፤ አምራቾቹ በብዛት የሚያዝዙት 50 እጅ ቤንዚን በ1 እጅ ዘይት ነው፣ ለ20 ሊትር ጀሪካን 400 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ቤንዚኑ ራሱ ሌላ ነገር ከተቀላቀለበት ይህ ልክ ይፋለሳል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ሞተሩ ጭስ ያበዛል፣ ፒስተኑም ይጎዳል። ውኃ ከገባበት ደግሞ ሞተሩ ዳር ላይ ተነሥቶ መሐል ወንዝ ላይ ይጠፋል። ነሐሴ ላይ ባሮ ሞልቶ ግንድ እየነዳ ሲወርድ ሞተር መጥፋት ምን እንደሆነ እዚህ ለተቀመጠ ሰው መግለጽ አያስፈልገኝም።

ስለዚህ ከየትም ቀዳችሁ፣ ይህን አድርጉ። ንጹሕና ደረቅ የሆነ ነጭ ሃይላንድ ውሰዱ፤ ከጀሪካኑ ሥር፣ ከላይ ሳይሆን ከሥር፣ ግማሽ ያህል ቅዱበት። ክዳኑን ዝጉና እሳት በሌለበት ጥላ ውስጥ ለአንድ ሰዓት አቁሙት። ውኃ ካለ ከቤንዚን ስለሚከብድ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከሥር እንደ ዶቃ ተንከባሎ ወይም መሥመር ሠርቶ ታዩታላችሁ። ቀጥሎ አንዲት ጠብታ በነጭ ወረቀት ላይ አድርጉና ነፋስ ባለበት ጠብቁ። ጥሩ ቤንዚን ተንኖ ምልክት ሳይተው ይጠፋል። ነጭ ጋዝ ወይም ናፍጣ ያለበት ቅባት የመሰለ ክብ ይተዋል። ይህን በማደያውም ቤንዚን ላይ ሞክሩት። ማደያው ልኩን ያጎድላል ብላችሁ ከጠረጠራችሁም ልኩ በተረጋገጠ የ20 ሊትር መስፈሪያ ይሰፈር ማለት መብታችሁ ነው። ክፍያው ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በስልክ ስለሆነ ቀኑ፣ ሰዓቱና የከፈላችሁት ገንዘብ በእጃችሁ ይቀራል፤ ለአቤቱታ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም። በአንድ ማደያ ላይ በማስረጃ የቆመ የሃያ ሰው አቤቱታ አንድን ቀጂ ወይም አንድን ባለቤት ሊያርም ይችላል። ይህም ጥፋተኛው የሚታወቅ፣ ፈቃድ ሰጪውም እዚሁ ከተማ ስለሆነ ነው።

ለመዝናናት ብቻ ለሚወጣው ሰው የምጨምረው አለኝ፤ ከባዱም ይህ ነው። ጀልባ ነጂ ሁሉ ቤንዚን ያስፈልገዋል፤ ሁሉም ግን እኩል አያስፈልገውም። ምጥ የያዛት ሴት ከጂካዎ ወደ ጤና ተቋም የምትመጣበት ጀልባ አለ። ጎርፍ የከበባቸውን የላሬና የኢታንግ ሰዎች የሚያወጣ ጀልባ አለ። መረቡን የሚፈትሽበት ጀልባ ልጆቹን የሚመግብበት የሆነ ዓሣ አጥማጅ አለ። እነዚህ ሁሉ ቤንዚን የሚፈልጉት ከዚያችው ከጥቂቷ ነው። ቤንዚን በጠፋበት ሳምንት ለሽርሽር 45 ሊትር ከጥቁር ገበያ የሚገዛ ሰው ዋጋውን በእነሱ ላይ ከፍ ያደርጋል። የሽርሽር ጀልባ ባለቤት አድማ መምታት ከፈለገ የሚጠቅመው አድማ ይህ ነው፦ እጥረት በሚሆንበት ሳምንት ከማንም አለመግዛት። መቅዘፊያ አንሥቶ በታንኳ ቢወጣ ወንዙን የበለጠ ያየዋል። ከተማችን በ1890ዎቹ የተቆረቆረችው በወንዙ ምክንያት ነው፤ ከካርቱም የሚመጡት የእንፋሎት መርከቦች ክረምት ጠብቀው ሲወጡ የሚያነዱት እንጨት ነበር፤ ለአኙዋና ለኑዌር ልጅ ደግሞ ከእነሱ በፊትም ቢሆን ባሮ የቀዘፋ ወንዝ ነው።

የባሮ ውኃ ጉዳይም ከመርቺሰን በፊት ከእኛ እጅ ይጀምራል። ጀልባ ላይ ቤንዚን ስትጨምሩ የሚፈሰው፣ የተበጠበጠበት ጀሪካን ታጥቦ ወንዝ ውስጥ የሚደፋው፣ ሰዎች ከሚቀዱበትና ልጆች ከሚዋኙበት ዳርቻ ላይ ነው። ማጥለያ ያለው ፈነል ያዙ፤ ሞተሩን ከውኃው ራቅ አድርጋችሁ ሙሉ፤ የጀሪካኑን እጣቢ ወንዝ ውስጥ አትድፉት።

የመጨረሻ ሐሳቤን ላቅርብ። የጀልባ ባለቤቶች ሁሉ፣ አሻጋሪው፣ ዓሣ አጥማጁ፣ የጤና ጀልባ የሚያንቀሳቅሰው፣ ለመዝናናት የሚወጣውም ጭምር፣ አንድ ማመልከቻ ለክልሉ ንግድ ቢሮ ያቅርቡ። ጥያቄው አንድ ይሁን፦ ጀልባዎች በሞተር ቁጥራቸው ይመዝገቡ፤ እያንዳንዱ የተመዘገበ ጀልባ ቁጥሩ የተጻፈበት ጀሪካን ይኑረው፤ በወር የሚቀዳው ሊትር በደብዳቤ ይወሰን፤ ቀጂው ያንን ጀሪካን ሲያይ ሌላ ጥያቄ ሳይጠይቅ ይቅዳ። ይህ ቢሆን ጀልባ ነጂው ወደ ጥቁር ገበያ የሚሄድበት ምክንያት ይቀንሳል፤ ቢሮውም ማን ስንት እንደሚቀዳ ያውቃል። የሽርሽር ጀልባ ያላችሁ ደግሞ በማመልከቻው ላይ ራሳችሁ እንዲህ ብላችሁ እንድትጽፉ እለምናችኋለሁ፦ ቤንዚን ባነሰበት ወር መጀመሪያ የሚቀነሰው የእኛ ድርሻ ይሁን፣ የጤናና የማሻገሪያ ጀልባዎች ይቅደሙ። እንዲህ ብሎ የሚጀምር ማመልከቻን ቢሮው በቀላሉ ገፍቶ አይመልሰውም።

ረቂቁን ዛሬ መጀመር እንችላለን። የሞተራችሁን ቁጥርና በወር የምታነዱትን ሊትር የምታውቁ ከዚህ ስብሰባ በኋላ እዚሁ ቆዩ፤ ወረቀትና እስክሪብቶ ጠረጴዛው ላይ አለ።